ሰነፉን ሲሊንደር ስለ መፈለግ

በአሜሪካ አገር አሮጌ መኪና ገዝተው፥ ክብደቱን ቀንሰውና ሞተሩን አበርትተው የሚነዱ ሰዎች መኪናቸውን «ሆት ሮድ» ይሉታል። ከዝነኞቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1932 የወጣው ባለ 8 ሲሊንደር ፎርድ ነው። እኔም ይህን የመሰለ ሞተር ሲያነክስ ምክንያቱ እንዴት እንደሚገኝ ያጠናሁትን በአጭሩ አቀርባለሁ።

ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር 4 ሲሊንደሮች ይተኩሳሉ፤ በሁለት ዙር ስምንቱም ተራቸውን ይፈጽማሉ። አንዱ ተራውን ከዘለለ ሞተሩ ያነክሳል፤ ያልተቃጠለውም ቤንዚን ከጭሱ ጋር ይባክናል።

በሽተኛውን ለመለየት፥ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የካንዴላዎቹን ሽቦ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ መቆንጠጫ በየተራ መንቀልና መመለስ ነው። ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ያ ሲሊንደር ደኅና ነው፤ ካልተለወጠ ሰነፉ እርሱ ነው። ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍቶ ካንዴላውን ከጎረቤቱ ጋር ማለዋወጥ ነው። ማንከሱ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው፤ በቦታው ከቀረ ግን ሽቦውን፥ ከዚያም ፒስተኑ አየሩን አጥብቆ ማመቁን እንመርምር።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። ሦስት ዕቃ ባንድነት የለወጠ ሰው ሞተሩ ቢድንለት እንኳ መድኃኒቱ የትኛው እንደ ነበረ አያውቅም፤ ገንዘቡም በከንቱ ያልቃል።