የተጫነ ፓይዘን «አለ» ከማለታችን በፊት

ከጂዛን እስከ ሳምጣና ጡዋል ያለው የሳዑዲ አረቢያ ደቡባዊ ድንበር፣ ከኦቦክና ከቦሳሶ ባሕር ተሻግረው የመንን አቋርጠው ለሚመጡ ወገኖቻችን መግቢያ በር መሆኑ ይታወቃል። ብዙዎቹ ዐረብኛ አይችሉም። በመሆኑም እኛ የሕክምና ተማሪዎች የሐኪሙን ጥያቄዎች በዐረብኛ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ጎን ለጎን የሚያሳይ አነስተኛ ፕሮግራም በፓይዘን ጽፈን ለአንድ ክሊኒክ ሰጠን።

ከግለ ሂስ እንነሣ። ከእኛ ማንም ባልነበረበት ሌሊት አንዲት ነፍሰ ጡር እህታችን ቀረበች። ነርሷ ፕሮግራሙን ብትከፍት «ፓይዘን አልተገኘም» የሚል መልእክት ብቻ ወጣ። ፔኒሲሊን ይቆጣት እንደሆነ መጠየቅ አልተቻለም። ሌሊቱ በሰላም ያለፈው በዕድል እንጂ በእኛ ሥራ አልነበረም። ፕሮግራሙን ስንጭን ግን ኮምፒዩተሩን መርምረን «ፓይዘን አለ» ብለን ነበር። ስሕተቱ ከምርመራችን ነው።

ሀ. ስም ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ዊንዶውስ 10 ከግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ማሻሻያው ጀምሮ ፓይዘን የሚል ስም ያለው ባዶ ፋይል ይዞ ይመጣል፤ ተግባሩ ተጠቃሚውን ወደ ማይክሮሶፍት መደብር መምራት ብቻ ነው። እኛ ስሙን አይተን ረካን። ይህ የበሽተኛውን ካርድ አይቶ «አልጋው ላይ አለ» እንደማለት ነው።

ለ. መዝገቡን ማየት። ከፓይዘን ድርጅት የሚወርደው መጫኛ በዊንዶውስ ሬጂስትሪ «ሶፍትዌር» ሥር፣ «ፓይዘን» ከዚያም «ፓይዘን ኮር» በሚለው ክፍል የየእትሙን ቁጥርና ቦታ ይመዘግባል። መዝገቡ ግን ሁለት ነው፦ የተጠቃሚውና የኮምፒዩተሩ። ለቀን ተረኛው ብቻ የተጫነ ፓይዘን በሌሊት ተረኛው መግቢያ አይታይም። በተጨማሪም ባለ 32 ቢት መርማሪ በኮምፒዩተሩ መዝገብ ውስጥ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ስለሚመራ ሁለቱንም ቅርንጫፎች ማየት ያስፈልጋል።

ሐ. አስጀማሪውን መጠየቅ። ፒ እና ዋይ በሚሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚጠራው አስጀማሪ ካለ፣ ከስሙ ቀጥሎ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ዜሮና ፒ ሲጻፍለት የተጫኑትን እትሞች ከነቦታቸው ይዘረዝራል።

መ. ማስነሣት። የመጨረሻው ማረጋገጫ ይህ ነው። የተገኘውን ፓይዘን አስነሥተን የእትም ቁጥሩን እንዲናገር እናዘዋለን። ቁጥሩን ተናግሮ፣ የመውጫ ኮዱም ዜሮ ከሆነ ብቻ «አለ» እንላለን። ቁጥሩም ለፕሮግራማችን የሚበቃ መሆን አለበት፤ ዊንዶውስ 7 ባለው አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ከ3.8 በላይ አይጫንም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተገኘ፣ ሳይጫን ከፕሮግራሙ ጋር በአንድ ማኅደር የሚሄደውን የፓይዘን ጥቅል መጠቀም ይቻላል። አሁን እኛ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ በየከተማው ለወገን ፕሮግራም የምትሠሩ የማኅበራችን አባላት፣ ሥራችሁን በራሳችሁ ኮምፒዩተር ላይ አትፍረዱት። የሚያገለግልበት ቦታ ሄዳችሁ፣ በሌሊት ተረኛው መግቢያ ገብታችሁ ፈትኑት።