ለቅርጻ ቅርጽ የሚሆን ማቆሚያ ከአሮጌ ብረት

ጀማሪ ቀራፂ ያለችውን ገንዘብ በመሣሪያ ላይ ይጨርሳታል። የጭቃ መፋቂያና መቁረጫ ግን ከቀርከሃ፣ ከሽቦና ከአሮጌ መጋዝ ስለት ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ጣት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ገንዘብና ድካም ሊወጣበት የሚገባው ሥራው የሚቀመጥበት ማቆሚያ ነው፣ ተማሪዎች ስታንድ የሚሉት። ተራ ጠረጴዛ ላይ የተሠራ ጭንቅላት ከፊት ሲያዩት ደህና ይመስልና በጎን ሲዞሩት ጠፍጣፋ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ተማሪ ይህን ሲያይ በችሎታው ተስፋ ይቆርጣል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የጠረጴዛው ነው።

ለምን መዞር አለበት?

ቅርጽን የምናነበው በጠርዙ ነው። ግንባር፣ አፍንጫ፣ ከንፈርና አገጭ የሚሠሩት መስመር ጎልቶ የሚወጣው በጎን ሲታይ ነው፤ ማቆሚያውን ጥቂት ስታዞሩት ሌላ ጠርዝ ይመጣል፣ ደግሞ ስታዞሩት ሌላ። ፈረንሳዊው ቀራፂ ኦጉስት ሮዳን የሚሠራው በዚህ መንገድ ነበር፤ የጭቃውን ጠርዝ ከሰውየው ጠርዝ ጋር ከየአቅጣጫው ያመሳክራል። መዞር ጥላውንም ያንቀሳቅሳል። መስኮቱ ባለበት ሆኖ ጥላው በጉንጩ ላይ ሲሄድ፣ እስከዚያ ያልታየ ጉድጓድ ይገለጣል።

ከፍታው

የሥራው ዓይን ከእናንተ ዓይን ጋር ትይዩ ይሁን። ቁመቱ 1.65 ሜትር የሆነ ሰው ዓይኑ ከመሬት 1.55 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በሰው ልክ የሚሠራ ጭንቅላት ከነአንገቱ ሲቆም ዓይኑ ከጣውላው ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። እንግዲህ ጣውላው 1.30 ሜትር ላይ መሆን አለበት ማለት ነው፤ የተለመደ ጠረጴዛ ግን ከ75 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ቁልቁል እያዩ የሠሩት ፊት ግንባሩ ይገዝፋል፣ አገጩ ይጠፋል።

እግሩ

እንዲህ ያለ ጭንቅላት ከ15 እስከ 25 ኪሎ እርጥብ ጭቃ ይፈልጋል። ያን ሁሉ ክብደት ከሰው ደረት በላይ ስለምንሰቅል ታቹ መክበድ አለበት። ሦስት እግር ይበቃል፤ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም ሦስት እግር አይንገጫገጭም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ማቆሚያው የሚወድቀው በእግሮቹ አቅጣጫ ሳይሆን በሁለቱ መካከል ነው፤ በዚያ በኩል ያለው ርቀት ደግሞ የአንዱ እግር ርዝመት ግማሽ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ እግር ከመሐል ቢያንስ 45 ሳንቲ ሜትር ይውጣ።

በሦስቱ እግሮች ላይ አሮጌ የመኪና ቸርኬ አስበይዱ። መርካቶ ምናለሽ ተራ እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም። በቸርኬው መሐል ባለ 2 ኢንች የብረት ውሃ ቧንቧ፣ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው፣ ይቆማል። ቧንቧው ቀጥ ማለቱን በውሃ ልክ ከሁለት ወገን ካረጋገጣችሁ በኋላ ቸርኬውን በኮንክሪት ሙሉት። የ14 ኢንች ቸርኬ ከነኮንክሪቱ ወደ 30 ኪሎ ይደርሳል።

ከፍ ዝቅ የሚለው ቧንቧ

ባለ 1 ተኩል ኢንች ቧንቧ ባለ 2 ኢንቹ ውስጥ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትቶ ይገባል። ውስጠኛውን በየ5 ሳንቲ ሜትሩ በ12 ሚሊ ሜትር ብሱት፤ ክብደቱን የሚሸከመው በቀዳዳው የሚያልፈው ብሎን ነው። ክፍተቱን ለማጥፋት የውጪውን ቧንቧ አናት አጠገብ ሁለት ቦታ ብሱና በየቀዳዳው ላይ ዳዶ አስበይዱ፣ በዳዶው የሚገባው ብሎን ውስጠኛውን ቧንቧ ተጭኖ ይይዘዋል። ምንም ያህል ከፍ ብታደርጉት 25 ሳንቲ ሜትር ያህሉ ውስጥ ይቅር።

መዞሪያው

የማቆሚያው ነፍስ እዚህ ነው፤ ሌላው ቦታ ላይ ቆጥባችሁ እዚህ ላይ አትሰስቱ። በፊት ጎማ ከሚነዱ ትንንሽ መኪኖች የኋላ ጎማው የሚታሰርበትን መሽከርከሪያ ከነኩሽኔታውና ከነአጭር አክሱ ፈልጉ። አክሱ ወደ ላይ ቆሞ ከውስጠኛው ቧንቧ አናት ጋር በወፍራም ላሜራ ይገናኛል። በብሎን የሚታሰር ዓይነት ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። ብየዳ የግድ ከሆነ መሽከርከሪያውንና ኩሽኔታዎቹን አስቀድማችሁ አውጡ፤ የብየዳው ኤሌክትሪክ በኩሽኔታ ውስጥ ካለፈ ኳሶቹን ወይም ሮለሮቹን ያቃጥላል፣ ሙቀቱም ግራሶውን ያበላሻል። በያጁ አያስፈልግም ቢላችሁም አትስሙት።

ይህን አካል የምወድበት ምክንያት አለኝ። ለመኪና ክብደት የተሠራ ስለሆነ 25 ኪሎ ጭቃ አይከብደውም፤ ጎማ የሚታሰርባቸው ብሎኖችም ጣውላውን ለማሰር ዝግጁ ሆነው ይመጣሉ። አሮጌውን ግራሶ በናፍጣ አጥባችሁ አዲስ ቀቡት። ከዚያ የመሐሉን ዳዶ ጠበቅ አድርጉት። በጣት ግፊት የሚዞር ማቆሚያ ጥሩ ሊመስል ይችላል፤ ጭቃውን በአውራ ጣት በተጫናችሁ ቁጥር ግን ሥራው ይሸሻችኋል። በእጅ ሲገፉት የሚዞር፣ ሲለቁት ባለበት የሚቆም ይሁን።

ጣውላው

40 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ፣ ሁለቱን በኮላ አጣብቃችሁ። ቺፑድ አይሆንም፤ ከእርጥብ ጭቃ የሚወርደው ውሃ ያፈርሰዋል። ጠርዙን ጨምሮ ሁሉንም ወገን ቫርኒሽ ቀቡት።

ለትንንሽ ሥራ

የእጅ መዳፍ የሚያህል ምስል ለሚሠራ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የኬክ ማስጌጫ መዞሪያ ይበቃዋል። የአሮጌ የቢሮ ወንበር እግርም ለመካከለኛ ሥራ ይሆናል፣ ጎማዎቹ ከወለቁና ከፍ ዝቅ ማድረጊያው በክብደት ቀስ እያለ የማይወርድ ከሆነ።

ጭቃ ከመጫኑ በፊት

ጣውላው ላይ 40 ኪሎ አሸዋ በከረጢት አድርጋችሁ ጫኑና ወደሚፈለገው ከፍታ አውጡት። አዙሩት፤ በሁለቱ እግሮች መካከል ባለው ወገን በእጃችሁ ገፋ አድርጉት። ሌሊቱን እንደተጫነ ይደር። ጠዋት ከፍታውን በሜትር ለኩ፣ ብየዳዎቹን አንድ በአንድ እዩ፣ የላሉ ብሎኖችን አጥብቁ። አሸዋው ከወረደ በኋላ ጭቃውን ከውስጥ የሚደግፈውን የአርማቸር ብረት ከጣውላው መሐል ጋር እሰሩ፤ ከመሐል ከወጣ ጭቃው በዞረ ቁጥር ወደ አንድ ጎን ያጋድላል።