መጀመሪያ ፋይልሽን አውጪ

እህትዓለም፣ አንዴ እጅሽን ከኪቦርዱ ላይ አንሺና ስሚኝ። ሊኑክስ ልትጭኚ መሆኑን ፍላሹን ሳየው ገብቶኛል፤ ደስም ብሎኛል። ላፕቶፕሽ 6ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ 5 ነው፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል የሚቀበለው ከ8ኛው ጀምሮ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማሽኑ ግን ገና ጤነኛ ነው፤ በሊኑክስ ብዙ ዓመት ያገለግልሻል።

ግን መጀመሪያ ፋይልሽን አውጪ። እኔ ስጀምር ይህን ዘለልኩት። ዲስኩን በሙሉ የሚያጠፋውን ምርጫ ሳላነብ ተጫንኩና እማዬ የካቲት 16፣ ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ነጭ ለብሳ የተነሳቻቸው ፎቶዎች ሁሉ ጠፉ። አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ ዝምታዋ ግን እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ስለዚህ ፎቶውንም፣ የትምህርትሽንም ጽሑፍ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጪ፤ ከዚያ አንድ ሁለቱን ከፍተሽ በትክክል መገልበጡን አረጋግጪ።

አሁን ወደ ዊንዶውሱ ተመለሺ። ቢትሎከር በርቶ ከሆነ ባለ 48 አሃዙን መክፈቻ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፊ፤ ያለሱ የራስሽ ዲስክ ሊዘጋብሽ ይችላል። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውንም አጥፊው፤ እሱ እያለ ዊንዶውስ ሲዘጋ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ከዚያ በዲስክ ማኔጅመንት ገብተሽ 50 ጊጋባይት ያህል ቦታ ለሊኑክስ ቀንሺለት።

ራምሽ 4 ጊጋ ስለሆነ ሊኑክስ ሚንትን፣ ያውም ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለውን ውሰጂ። ፋይሉን በሩፈስ ወደ ፍላሹ ስትጽፊው ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ባዶ መሆኑን እዪ።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ፍላሹን ይሰካል፣ ላፕቶፑን ያበራል፣ ያው ዊንዶውስ ይመጣበታል። ፍላሹ አልተበላሸም፤ ማሽኑ ከየት እንደሚነሳ አልተነገረውም እንጂ። ያንቺ ኤችፒ ስለሆነ እንዳበራሽው ኢስኬፕን ደጋግመሽ ንኪ፣ ከዚያ ኤፍ 9ን ተጫኚ፤ ከዝርዝሩ ፍላሹን ምረጪ። የዴልና የአብዛኛው ሌኖቮ ኤፍ 12 ነው።

ሚንት ሲከፈትልሽ ገና ምንም አልተጫነም፤ ከፍላሹ ላይ ነው የሚሠራው። እዚያው ዋይፋዩን አገናኚ፣ ድምፁን ስሚ፣ ካሜራውን ክፈቺ። ሁሉም ከሠራ ብቻ መጫኑን ጀምሪ። ካልሠራ ዘግተሽ ፍላሹን ንቀይ፤ ዊንዶውስሽ እንዳለ ነው።

ቻርጀሩን ሰክተሻል? ባትሪውም ይሙላ። እዚህ እንጦጦ ላይ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም፤ ዲስኩ እየተከፈለ ማሽኑ ድንገት ከጠፋ ጉዳቱ ከባድ ነው።

ሲጠይቅሽ ሊኑክስን ከዊንዶውስ ጎን የሚያስቀምጠውን ምረጪ። ይህ አማራጭ ካልመጣ ወይም ዲስኩ ጭራሽ ካልታየሽ ወደፊት አትሂጂ፤ ጥሪኝ፣ አብረን እናያለን።

አንድ ነገር እንዳያስደነግጥሽ፦ ወደ ዊንዶውስ ስትመለሺ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ልታዪው ትችያለሽ። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይይዘዋል፣ እኛ ደግሞ ከዚያ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ሁለቱን ማስማማት የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው፤ ማታ አሳይሻለሁ።

ስትጨርሺ ፍላሹን አታጥፊው። አንድ ቀን ማሽንሽ አልነሳ ቢል የምትገቢበት በር እሱ ነው። የጎረቤት ልጅም አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ መምጣቱ አይቀርም። ያኔ አጠገቡ ተቀመጪና ፍላሹን ከመስጠትሽ በፊት ጠይቂው፦ የእናትህን ፎቶዎች ገልብጠሃል?