ጭንቅ የሌላውን ሰው ሐቅ አይሽርም



ባምቢስ አካባቢ ካሉት ቢሮዎች በአንዱ ተቀጥሮ የሚሠራ አንድ ወጣት አለ እንበል። ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ አያልፍም። ማንበብ ግን ይወዳል። አዲስ የወጣ የአማርኛ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ተነስቶ፣ ፒዲኤፍ ሆኖ በቴሌግራም ይደርሰዋል። ያንብበው? ለወዳጆቹስ ያስተላልፈው?

«ዕውቀት የአላህ ነው፤ ድሃ ሊከለከል አይገባም» የሚሉ አሉ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ዕውቀትን መደበቅ የተከለከለ በመሆኑ የድርሰት መብት በገንዘብ አይሸጥም ያሉ ዑለማዎችም ነበሩ። የሐረር ሊቃውንት በእጅ የተገለበጡ ኪታቦችን ወቅፍ ያደርጉ እንደነበር በገጾቹ ላይ የሰፈሩት ማስታወሻዎች ዛሬም ይመሰክራሉ። ሆኖም ልብ እንበል፤ ወቅፍ የሚያደርገው ባለቤቱ ነው። የራሱ ባልሆነ ንብረት ለጋስ መሆን ለማንም አልተፈቀደም።

ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1409 ዓመተ ሂጅራ (ታኅሣሥ 1981 ዓ.ም) ኩዌት ላይ ባካሄደው 5ኛ ጉባኤው የድርሰት መብት በሸሪዓ የተጠበቀ የባለቤቱ ሐቅ መሆኑን ወስኗል። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠብቃል።

«ቸግሮኛል» ለሚለው ወንድማችን ፊቅህ መልስ አለው። በኦቶማኖች ዘመን የተጠናቀረው መጀለ በአንቀጽ 33 ጭንቅ የሌላውን ሐቅ እንደማይሽር ደንግጓል። በረሃብ ሊሞት የደረሰ ሰው የሌላውን እንጀራ ቢበላ ወንጀል የለበትም፤ የእንጀራው ዋጋ ግን ዕዳ ሆኖ ይጠብቀዋል። እንግዲህ ነፍስን ለማዳን እንኳ ዕዳው ካልቀረ፣ ልብ ወለድ ለማንበብ እንዴት ይቀራል? ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ጉዳይ ይበልጥ ከባድ መሆኑ እውነት ነው። ቢሆንም ሐጃው ደራሲውን ባለዕዳ አያደርገውም።

ደራሲውስ ማን ነው? ከእኛው ደራሲያን ብዙዎቹ በራሳቸው ወይም በተበደሩት ገንዘብ የሚያሳትሙ ናቸው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ወረቀት ይበልጥ ተወዷል። አንባቢው በኑሮ ውድነት ሲጨነቅ ደራሲውም እዚያው ውስጥ ነው። አንድ ድሃ ችግሩን ወደ ሌላው ድሃ ቢያሻግር ችግሩ ቦታ ቀየረ እንጂ አልተቃለለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከባምቢስ ብዙም በማይርቀው አራት ኪሎ በ2014 ዓ.ም የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። ሦስት አራት ሆኖ አንድ መጽሐፍ ገዝቶ በየተራ ማንበብ ማንንም አይጎዳም። በ1931 ዓ.ም እንደሞቱት እንደ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ያሉ ደራሲያን ሥራዎች የጥበቃ ዘመናቸው አልፏል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ተቋሙ ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው ፕሮግራም የውጭ መጽሔቶችንና መጻሕፍትን በሕጋዊ መንገድ ያገኝ እንደሆነ ቤተ መጻሕፍቱን ይጠይቅ።

ቀድሞ ያነበበስ? ዕዳ አለብኝ ብሎ ይመዝግብ፤ አላህ ሲያገራለት መጽሐፉን ይግዛ ወይም ደራሲውን አውፍ ይበሉኝ ይበል። ወደ ሌሎች ማስተላለፉን ግን ዛሬውኑ ያቁም። ያነበበው የአንድ ሰው ዕዳ አለበት፤ ለሺህ ሰው ያሠራጨው ግን የሺህ ሰው ዕዳ ይሸከማል። ለአኺራ የሚተርፍ የሰው ሐቅ ደግሞ በብር አይከፈልም።

ወላሁ አዕለም።