ከመኪና አደጋ መትረፍና ከዚያ በኋላ

መኪና ተገልብጦ ነፍሱ ያልወጣውን ሰው «ተረፈ» ብለን ወሬውን እንዘጋለን። ነገር ግን መትረፍ በአንድ ቅጽበት አያልቅም። ይህንንም ከሻምበል አበበ ቢቂላ ታሪክ እንረዳለን።

በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግራቸው፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ማራቶን ያሸነፉት ሻምበል አበበ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት የሚነዷት ቮልስዋገን ተገለበጠችባቸው። ከውስጧ የወጡት በማግሥቱ ጠዋት ነበር። አንገታቸው ላይ አከርካሪያቸው ተጎድቶ ስለ ነበር እጅና እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ያህል ታክመው እጆቻቸው ዳኑ፤ እግሮቻቸው ግን አልተመለሱም።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ከጉዞ በፊት እንጠንቀቅ። መኪና በድንገት ሲቆም የተሳፋሪው ሰውነት በያዘው ፍጥነት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የሚያቆመውም መሪው ወይም መስተዋቱ ነው። ደረትንና ወገብን አንድ ላይ የሚይዘውን ቀበቶ የቮልቮ መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን የሠራው ለዚህ ነው። በመኪና ላይ መገጠም የጀመረው በ1951 ዓ.ም. በመሆኑ ብዙ አሮጌ መኪናዎች ሳይኖራቸው ተሠርተዋል። ስለዚህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ቀበቶ ያስገጥም፤ ያለውም ይሰር።

ሁለተኛ፣ ለመርዳት ስንሮጥ እናስተውል። ከጅጋ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ አደጋ ቢደርስ ቀድሞ የሚደርሰው ሐኪም ሳይሆን ገበሬውና መንገደኛው ነው። የተጎዳውን ሰው በእጁና በእግሩ ጎትቶ ማውጣት፣ አከርካሪው ተሰብሮ ከሆነ ጉዳቱን ያብሳል። እሳት ወይም ሌላ አስጊ ነገር ካለ ያለ መዘግየት ይውጣ። ከሌለ ግን ሞተሩን እናጥፋ፤ የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ እንጫን፤ ራሱን በሁለት እጃችን እንዳለ እንያዝለት፤ ውኃም አናጠጣው። ማንሣት ግድ ሲሆን ብዙ ሰው ሆነን፣ ራሱን፣ አንገቱንና ጀርባውን ሳናጣምም በአንድ ጊዜ አንሥተን በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ እናስተኛው። የሚረግብ ቃሬዛ ጀርባን ያጎብጣል።

ሦስተኛ፣ የተረፈውን ሰው ከቤት አንዝጋበት። ሻምበል አበበ በ1962 ዓ.ም. በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው በቀስት ውድድር ተሰለፉ፤ በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በበረዶ ላይ የጋሪ ውድድር አሸነፉ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. አረፉ።

እንግዲህ ወጣቶች፣ ይህን ትምህርት ለቤተ ሰብና ለጎረቤት እናካፍል። የወደቀውን ሰው ሐኪም ከማየቱ በፊት የምንነካው እኛ ነንና።