ለገና ቤተሰብ ይዞ ተራራ መውጣት፦ ኪስ የማይጎዳ አካሄድ

ገና የሚውለው በበጋው መሐል ነው። መንገዱ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ቤተሰብ ይዞ ደጋ ለመውጣት ከዚህ የተሻለ ወቅት አይገኝም። የሚያስቸግረው ገንዘቡ ነው። አብዛኛው ሰው ሒሳቡን ከሎጁ ፎቶ ይጀምራል፤ የሣር ክዳን ጎጆ፣ የሚነድ ምድጃ፣ ከበረንዳው ሥር ገደል። ዋጋውን ሲሰማ ደግሞ «ዘንድሮስ ይቅርብን» ብሎ ይተወዋል። እኔ የምመክረው ሌላ ነው፦ ተራራው ሥር ያለው ከተማ ውስጥ እደሩ፤ ወደ ላይ በቀን ውጡ። ወጪው በብዙ ይቀንሳል፤ ሕፃናትና አረጋውያንም ሌሊቱን በውርጭ አይቀጡም።

ቀኑን ቁረጡ

ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ብቻ ወደ 28 ይመጣል። የሕዝብ በዓሉ አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ ዋናው ነገር በሳምንቱ የትኛው ቀን ላይ እንደሚውል ማየት ነው። በ2019 ሐሙስ ይውላል። ዓርብን ፈቃድ የወሰደ ሰው አራት ቀን አገኘ ማለት ነው። የልጆቹን ትምህርት ቤት ግን ቀድማችሁ አነጋግሩ።

በዓሉን እቤታችሁ ዋሉ። ሌሊቱ ቅዳሴ ነው፤ ማለዳ ይፈሰካል፤ ከሰዓት ዘመድ ይጠየቃል። ያን ቀን መንገድ ላይ የዋለ ቤተሰብ በዓሉንም ጉዞውንም በቅጡ አያገኘውም። በትንሽ ከተማ የተከፈተ ምግብ ቤት መፈለጉ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በማግስቱ ዓርብ ማልዳችሁ ውጡ፣ እሑድ ተመለሱ፤ ሁለት ሌሊት ይበቃል። ገና ካለፈ በኋላ ያለው ዓርብ ጾም መሆኑን የምትጾሙ አትርሱት፤ ለመንገድ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና ሙዝ ያዙ። ክትፎው ለቅዳሜ ይቆያል።

ላሊበላ ሌላ ጉዳይ ነው። ቤዛ ኩሉን ቆሞ ለማየት የሚመኝ ምእመን ዋጋ ሳይጠይቅ ይሄዳል፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ይሂድ። ያ ግን መንፈሳዊ ጉዞ ነው። በርካሽ ለማረፍ የሚያስብ ቤተሰብ ያን ሳምንት እዚያ አልጋ ባይፈልግ ይሻለዋል።

ርቀቱን ወደ ብር ለውጡ

ለቤተሰብ ትልቁ ወጪ ብዙ ጊዜ አልጋው ሳይሆን መንገዱ ነው። ስለዚህ የተራራውን ስም ከመጥራታችሁ በፊት ኪሎ ሜትሩን ቁጠሩ። በአንድ ሊትር አሥር ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና 150 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኝ ቦታ ደርሶ ለመመለስ 30 ሊትር ትፈልጋለች፤ ለዳገቱና እዚያ ለመዘዋወሩ አምስት ሊትር ጨምሩ። 400 ኪሎ ሜትር ከሆነ ግን 80 ሊትር ነው፣ ያውም ዳገቱ ሳይታሰብ። በዕለቱ የነዳጅ ዋጋ ስታባዙት ልዩነቱ የአንድ ሌሊት አልጋ ሳይሆን የጉዞው ግማሽ ሆኖ ይመጣል።

መኪና የሌላችሁ ሁለት ቤተሰብ ሆናችሁ ዶልፊን ሚኒባስ በኮንትራት ያዙ። ከሾፌሩ ጋር ስትስማሙ አራት ነገር ቁርጥ ይሁን፦ ነዳጁ በማን ነው? የሾፌሩ አበልና አልጋ በማን ነው? በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ይነዳል? እዚያ ከደረስን በኋላስ ወደ ተራራው ይወጣል ወይ? በተለይ የመጨረሻዋ ካልተነሣች ቅዳሜ ጠዋት «ይሄ ኮረኮንች በስምምነታችን የለም» የሚል ክርክር ትሰማላችሁ።

ተራራውን ምረጡ

ከአዲስ አበባ ለሚነሣ፣ ለሦስት ቀን፣ የእኔ ምርጫ ወንጪ ነው። በወሊሶና በአምቦ መካከል ያለ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው፤ ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ጠርዙ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከሥሩ ሐይቅ፣ በሐይቁ ላይ የቂርቆስ ገዳም ያለበት ደሴት አለ። በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል፤ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክትም አዲስ ሎጅ ተሠርቶበታል። ሎጁን ለምሳ ወይም ለሻይ እዩት፤ ማደሪያችሁ ወሊሶ ወይም አምቦ ይሁን። ወሊሶ ከጉራጌ ጋር ጎረቤት ስለሆነ ክትፎና ቆጮው አያሳፍርም። ልጆች ካሏችሁ አምቦም ፍል ውኃ መዋኛ አለው፤ ከተራራ ብርድ በኋላ ልጆቹን ከዚያ ማስወጣት ግን ቀላል አይሆንላችሁም።

ሁለተኛው አሰላ ነው። በፈጣን መንገዱ አዳማ ደርሶ ወደ ደቡብ መታጠፍ ነው፤ ጠቅላላው 175 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከተማው ቱሪስት የሚጠብቅ ስላልሆነ የአልጋውም የምግቡም ዋጋ የነዋሪ ዋጋ ነው። ከበላዩ ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው ጭላሎ ቆሟል። ጫፉ ለልጆች አይሆንም፣ ሥሩ ግን የገብስ ማሳና የእግር መንገድ ነው። ሯጭ መሆን የሚመኝ ልጅ ያለው ደግሞ እስከ በቆጂ ይዝለቅ፤ እነ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የወጡበት ከተማ ነው።

ባሌ ከሁሉም ይበልጣል። በ2016 መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዲንሾ ደጋ አጋዘን በቅርብ ይታያል፣ በሳነቴ ሜዳ ቀይ ቀበሮ፤ እስከ 4,377 ሜትሩ ቱሉ ዲምቱ ድረስም በመኪና ይወጣል። ግን ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ለሦስት ቀን የሄደ ሰው ሁለቱን መኪና ውስጥ ይጨርሳል። ሳምንት ፈቃድ ስታገኙ፣ በሮቤ ወይም በጎባ እያደራችሁ፣ በሌላ ጊዜ ሂዱበት።

ምንም በጀት ለሌለው መናገሻ ሱባ ጫካ አለ፤ ከወጨጫ ተራራ ሥር፣ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን፣ አልጋ ሳያስፈልግ። የጽዱን ግንድ ለአራት ሆኖ ማቀፍ ለልጆች በቂ ጨዋታ ነው።

ስሜን፣ ጓሳና አንኮበር ከዚህ ዝርዝር የቀሩት በውበት አንሰው አይደለም። በ2015 ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ ልጅ ይዞ በዚያ መንገድ ውጡ ለማለት አልደፍርም። የኦሮሚያውም መንገድ ቢሆን ሳይጠየቅ አይኬድም። ከመነሣታችሁ ሁለት ቀን በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያ መስመር በየቀኑ የሚመላለስ ሾፌር ጠይቁ፤ ወደምታድሩበትም ሆቴል ደውሉ። ሁለቱ የተለያየ ነገር ከነገሯችሁ አትሂዱ።

አልጋውን በስልክ ጨርሱ

ኅዳር ሳይጋመስ ደውሉ። «ክፍሉ ስንት ነው?» ብቻ ብሎ መዝጋት አያዋጣም። «እህቴ፣ የነገርሽኝ ዋጋ ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ ጨምሮ ነው?» በሉ። አሥር በመቶ ሰርቪስ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታከል 2,000 ብር የተባለው ክፍል 2,530 ይሆናል። ቀጥላችሁ ሙቅ ውኃው መብራት ሲጠፋም ይሠራ እንደሆነ፣ ለልጆች ተጨማሪ ፍራሽ በስንት እንደሚገባ፣ ቁርስ ለስንት ሰው እንደሆነ ጠይቁ። ትርፍ ብርድ ልብስ አለ ወይ የሚለውን አትዝለሉት። ቀብድ ከላካችሁ የተቀበለውን ሰው ስምና የከፈላችሁበትን መልእክት አስቀምጡ።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያውን፣ ማለትም ቢጫ ካርዱን፣ እንዲይዝ ንገሩት። የፓርክ መግቢያና የአንዳንድ ሆቴል ዋጋ ለዜጋና ለውጭ አገር ሰው ይለያያል፤ በየትኛው እንደሚያስተናግዱት በር ላይ ቆሞ ከመከራከር በስልክ መጨረስ ይሻላል።

ብርዱን አትናቁ

ታኅሣሥና ጥር ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ለከፍታው እንግዳ አይደለም፤ ከድሬዳዋ ወይም ከዱባይ የመጣች እህታችሁ ግን ናት። የመጀመሪያውን ቀን ከተማው ውስጥ ውላ፣ ውኃ ደጋግማ ጠጥታ፣ በማግስቱ ትውጣ። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ከጠና መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው። ለሕፃናት ኮፍያና ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ ለእማማ ጋቢ፤ ወፍራም ጃኬት አዲስ መግዛት አያስፈልግም፣ ሹራብ በሹራብ ላይ መደረብ ይበልጣል። ፀሐዩ ግን ፊት ያቃጥላል፤ ባርኔጣ ያዙ።

ወንጪ ላይ ስትደርሱ ፈረስ የሚያከራዩት ወጣቶች ከመኪና ሳትወርዱ ይከቧችኋል። አትቸኩሉ። ወደ ሐይቁ ሲወርዱ እግር ይበቃል፤ ፈረሱ የሚያስፈልገው ዳገቱን ሲመለሱ ነው። እናታችሁ ከደከሙ ለእሳቸው ደርሶ መልስ ያዙ፣ ለልጆቹ መውጫውን ብቻ። ዋጋውን «ለአንድ ፈረስ ነው ወይስ ለአንድ ሰው? የመሪው ተጨምሮ ነው?» ብላችሁ፣ ሰው ባለበት ጨርሱት። የጀልባውንም እንዲሁ። ገዳሙን ለመሳለም የሚሻገር ነጠላ ይያዝ።

በመጨረሻ፣ ቴሌብር ብቻ ተማምናችሁ አትውጡ። ተራራ ላይ ኔትወርክ ይቆራረጣል፤ ለፈረስ፣ ለጀልባና ለመኪና ጠባቂ የሚሆን ዝርዝር ጥሬ ብር ሐሙስ ማታ ይዘጋጅ። ዓርብ ጠዋት በዓል ያደረ ኤቲኤም ባዶ ሊሆን ይችላል።