ለሕንፃ ሞዴልሽ ቀን ስትሰጪው

ልጄ፣ ሞዴል መሥራቱን ታውቂበታለሽ። ኮለኑ፣ ሶሌታው፣ ደረጃው፣ የውኃ ቧንቧው ሳይቀር ኮምፒውተርሽ ላይ ቆሟል። አሁን ደግሞ የጊዜ ሰሌዳውን ከዚያ ሞዴል ጋር እንድታያይዢ ታዘሻል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ እንዲታይ። ባለሙያዎቹ ፎር ዲ ይሉታል፤ በርዝመት፣ በወርድና በከፍታ ላይ ጊዜ ተጨምሮ ማለት ነው። እጅሽ ፈጣን፣ ልብሽም ቅን ነው። ችግርሽ ችኮላ ነው፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩን ከመክፈትሽ በፊት ቁጭ በዪና ይህን አንብቢ።

1. ሞዴሉን ከመንካትሽ በፊት ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አንብቢ። እኛ አገር ብዙ ውል ፊዲክ በሚባለው ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ሰነድ ይሠራል። እ.ኤ.አ. የ1999ኙ የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ ተቋራጩ የሥራ መጀመሪያ ማስታወቂያ በደረሰው በ28 ቀን ውስጥ ዝርዝር የሥራ ፕሮግራም እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ለሚጣደፍ ሰው 28 ቀን አጭር ነው፤ ስለዚህ ሰሌዳው ከቀድሞ ፕሮጀክት ይቀዳል። ምድር ቤት በሌለው ሕንፃ ሰሌዳ ላይ የምድር ቤት ውኃ መከላከያ ሥራ ተጽፎ አይቻለሁ፤ ከፈረሙት አንዱም አላስተዋለውም። እያንዳንዱ ሥራ ምን እንደሚቀድመው፣ ምን እንደሚከተለው ፈትሺ። ቀዳሚም ተከታይም የሌለው ሥራ ካገኘሽ ሰሌዳውን ላዘጋጀው ሰው መልሺለት። የተሳሳተ ሰሌዳ ከሞዴል ጋር ሲያያዝ ያምራል እንጂ አይታረም።

2. ሞዴሉን ሥራው እንደሚሠራበት አድርገሽ ቁረጪው። አርክቴክቱ ኮለኑን ከመሠረት እስከ ጣሪያ አንድ አድርጎ ይሥለዋል፤ ሳይት ላይ ግን ፎቅ በፎቅ ነው የሚሞላው። ሰፊ ሶሌታም በአንድ ቀን አይሞላም፣ ለሁለት ለሦስት ይከፈላል። ሳትቆርጪ ካያያዝሽው ሙሉው ወለል በአንድ ሌሊት ብቅ ይላል፣ ማንም ፎርማን ደግሞ ይስቅብሻል። ሪቪት ላይ አንዱን አካል ወደ ክፍልፋይ መበተን ይቻላል፤ የት እንደሚቆረጥ ግን ሪቪት አያውቅም፣ አርማታውን የሚያስሞላውን ሰው ጠይቂ። በዚያው ልክ አታብዢው። የልስን ሥራ በፎቅና በዞን ቢከፈል ይበቃል፤ ሴራሚክ በሴራሚክ ስትቆራርጪ አምሽተሽ ጠዋት ሰሌዳው ውስጥ የሚገጥመው መስመር አታገኚም።

3. በእጅ እየመረጥሽ አታያይዢ። ለሰሌዳው መስመርም ለሞዴሉ ቁራጭም አንድ ዓይነት መለያ ስጪ፤ ሕንፃውን፣ ፎቁን፣ ዞኑንና የሥራውን ዓይነት የሚናገር፣ ለምሳሌ «ሀ-03-ምሥራቅ-ኮለን»። ከዚያ ናቪስወርክስ ውስጥ ያለው ታይምላይነር በደንብ ላይ ተመሥርቶ ራሱ እንዲያገናኛቸው እዘዢው። ዲዛይነር ግድግዳ ሰርዞ እንደገና መሣሉ አይቀርም፤ አዲሱ ግድግዳ በመልክ ከአሮጌው ባይለይም ለኮምፒውተሩ ሌላ ነው፣ በእጅ ያሰርሽውም ክር ይበጠሳል። መለያው ከተጻፈበት ግን ቦታውን ራሱ ያገኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ይመስለኛል።

4. የቀን መቁጠሪያውን ሳታስተካክዪ አንድም ሥራ አታስገቢ። ይህን ረዘም አድርጌ እነግርሻለሁ፣ ምክንያቱም እኛ ዘንድ ብዙ ጥፋት የሚገባው በዚህ በር ነው። ሶፍትዌሩ ሲመጣ በሳምንት አምስት ቀን ሠርቶ ቅዳሜና እሑድ የሚያርፍ ሰው አድርጎ ያስብሻል፤ የእኛ ሳይት ቅዳሜም ይሠራል። እንቁጣጣሽን፣ መስቀልን፣ ገናን፣ ጥምቀትን አያውቅም። ስቅለትና ፋሲካ ቀናቸው ይለዋወጣል፤ ኢድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ደግሞ ጨረቃ ይከተላሉ፤ ስለዚህ በየዓመቱ አዲስ መሙላት አለብሽ። በዓሉ አንድ ቀን ነው ብለሽም አትታለዪ። ለመስቀል ወደ ጉራጌ የሚወርደው ሠራተኛ በማግስቱ ሳይት ላይ አይገኝም። 

የዘመን አቆጣጠሩም አለ። የሳይት መዝገብ በእኛ ቀን ይጻፋል፣ ሰሌዳው የሚዘጋጅበት ፕሪማቬራ ደግሞ በፈረንጆቹ ይቆጥራል። ፎርማኑ «ጥቅምት 5 ሞላን» ብሎ የጻፈውን ኦክቶበር 5 ብለሽ ካስገባሽው፣ አብዛኛውን ዓመት አሥር ቀን ቀድመሽ ሞልተሻል ማለት ነው። መስከረም 1 በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11 ይውላል፣ በየአራት ዓመቱ ግን 12 ላይ ያርፋል፤ ያንን ዓመት በልማድ ብትቀይሪው እስከ የካቲት ድረስ ሁሉም በአንድ ቀን ይዛነፋል። «ሚክሰሩ 2 ሰዓት ይድረስ» ሲባልም የጠዋቱ መሆኑን ኮምፒውተሩ ከየት ያውቃል? ክረምቱንም አትርሺ። ለቁፋሮና ለውጭ ሥራ አንድ የቀን መቁጠሪያ፣ ለውስጥ ሥራ ሌላ ክፈቺ፤ ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ላይ አፈር ማንሳትና ግድግዳ መለሰን እኩል አይራመዱም።

5. ቆሞ የሚፈርሰውንም ሞዴል ውስጥ አስገቢ። ፎርምወርክ፣ ድጋፍ፣ መወጣጫ፣ ክሬን፣ የዕቃ ማንሻ፣ የብሎኬት ክምር በሥዕሉ ላይ የሉም፤ ሳይት ላይ ግን ቦታ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ታይምላይነር ለዚህ ሦስት ዓይነት ሥራ ለይቶ አስቀምጧል፦ የሚገነባ፣ የሚፈርስና ጊዜያዊ፤ አረንጓዴ፣ ቀይና ቢጫ ሆነው ይታያሉ። ቢጫውን የሚጠቀምበት ጥቂት ሰው ነው፤ ያሳዝነኛል። ከሶሌታው ሥር ድጋፉ እስኪነሳ ድረስ ብሎኬት ደርዳሪው እዚያ ፎቅ መግባት አይችልም፣ ሰሌዳው ግን ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ሊያስቀምጣቸው ይችላል። የዕቃ ማንሻው ተደግፎ የቆመበት የፊት ግድግዳ ሳይዘጋ ይቆያል፤ ማንሻው ሲነቀል ያንን ቁራጭ የሚሠራው ማን ነው፣ በምን መወጣጫ? ወረቀት ላይ ይህ ጥያቄ አይነሳም። ቢጫው ሲበራ ይነሳል። 

በሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው የዎልት ዲዝኒ ኮንሰርት አዳራሽ ሲሠራ ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋር የፎር ዲ ሞዴል ተዘጋጅቶ ነበር። ያ ሁሉ የተጣመመ ግድግዳ በመስመር ሰሌዳ ብቻ ሊገባ አይችልም ነበርና፣ ንዑስ ተቋራጮቹ አብረው ተቀምጠው ማን የት እንደሚቆም አዩበት። እኛ የምንሠራው ቀጥ ያለ ሕንፃ ስለሆነ አያስፈልገንም የሚሉሽን አትስሚ፤ ጠባብ የመርካቶ ቦታ ላይ የቆመ ቀጥ ያለ ሕንፃ ከተጣመመው አይቀልም።

6. ከውጭ የሚመጣውን ዕቃ ለብቻው ቀለም ስጪው። ሊፍት ሞዴል ላይ በአንድ ጠቅታ ይቀመጣል። በእውኑ ግን ትዕዛዝ አለው፣ ኤልሲ አለው፣ መርከብ፣ ጅቡቲ፣ ጉምሩክ፣ የጭነት መኪና አለው። እነዚህን በሰሌዳው ላይ እንደ ሥራ ጻፊያቸው፤ ያልታዘዘ ዕቃ የተንጠለጠለበት ፎቅ ከሩቅ ይታይ።

7. ፊልሙን ለመጨረሻ አቆዪው። ሞዴሉን ከሰሌዳ ጋር ያያያዘ ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ሕንፃው በአንድ ደቂቃ ሲያድግ የሚያሳይ ቪዲዮ ለማውጣት ነው። አሠሪው ያጨበጭባል፣ አለቃሽ ይኮራል። ያ ቪዲዮ ግን እንደ ሠርግ ቪዲዮ ነው፤ ሁሉም ሲጨፍር ይታያል፣ ጓዳ ድስት የሚያጥበው አይታይም። አንቺ አንድ ሳምንት ምረጪ፣ እዚያ ላይ አቁሚው፣ ከዚያ ዙሪያውን እየዞርሽ ጠይቂ፦ በዚህ ሳምንት እዚህ ፎቅ ስንት ቡድን አለ? ኤሌክትሪክ ሠራተኛውና ለሳኙ በአንድ ኮሪደር ተገናኝተዋል? ፌሮው የሚወርድበት ቦታ ላይ ማን አጥር አቆመ? አንድ ነገር ልብ በዪ፤ ሞዴሉ የቦታን ግጭት ያሳይሻል እንጂ የሰው እጥረትን አያሳይሽም። አንዱ የፌሮ ቡድን በአንድ ቀን ሁለት ፎቅ ላይ ቢታይ ሥዕሉ አይቃወምም። ያንን በሰሌዳው የሠራተኛ ቁጥር ላይ ፈልጊ።

8. ከአለቃሽ በፊት ፎርማኑን አሳዪው። ላፕቶፕሽን ይዘሽ ሳይት ቢሮ ውረጂ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይህን እዩልኝ» በዪ። ስብሰባ ላይ ዝም የሚል ሰው ሻይ እየጠጣ «እዚህ ጋ መኪና አይዞርም» ይልሻል። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከብዙ ቀን የቢሮ ሥራ ትበልጣለች። ሲነግሩሽ አትከራከሪ፣ ጻፊ።

9. በየሳምንቱ አድሺው፣ የመጀመሪያውን ዕቅድ ግን አታጥፊ። የታቀደው ቀንና የተሠራው ቀን ጎን ለጎን ይቀመጡ። ሥራው ሲዘገይ ተቋራጩ የጊዜ ማራዘሚያ ይጠይቃል፣ አሠሪው ይክዳል፣ ሁሉም ከማስታወሻው ይልቅ ከትዝታው ይናገራል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው በሳምንቱ የተጻፈ ቀን ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ የተጻፈ ቀን ጭቅጭቅ ይጨምራል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ የአንድ ሳምንት መዘግየት ገና ሲታይ የሚከተለውን ሥራ ማሸጋሸግ ይቻላል። ቅዳሜ ከሥራ ሳትወጪ የሳይት መዝገቡንና ፎቶውን ሰብስቢ፣ ሰኞ ከስብሰባው በፊት አስገቢው። ማስረጃ ያላገኘሽለትን ሥራ ባዶ ተዪውና ስሙን ጽፈሽ ለፎርማኑ ላኪለት፤ በግምት አትሙዪው።